በተራ ቁጥር የተነበበ ትንቢት

"ቁጥር አሥራ ሰባት!" ብሎ ሜጋፎን የሚሉት የክፍሉ አለቃ ካርዱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። "ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በራሳቸው ሠርግ ቀን እንቅልፍ ይጥላቸውና፣ ሚዜዎቹ ከነፍራሻቸው ተሸክመው ወደ አዳራሹ ያስገቧቸዋል።"

የምረቃ በዓሉ አዳራሽ በሳቅ ተናወጠ። ከመድረኩ ጎን ቆማ ውኃ ትጠጣ የነበረችው፣ ቃለ ጉባኤ የሚሏት ልጅ ግን ትን አላት። ትንቢቱን የጻፈችው ራሷ ናት፤ የጻፈችውም በየክፍለ ጊዜው ለሚያንኮራፋው ልጅ ነበር። "አሥራ ሰባት" ሲባል ከመቀመጫዋ የተነሣችው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣችው አዲሷ ልጅ ናት። ልጅቷ "እኔን ነው?" በሚል ዓይን ግራና ቀኝ አየችና፣ ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷም ሳቀች።

ቁጥር አሥራ ስምንት ተጠራ። አሁን እንቅልፋሙ ተነሣ፤ የተነበበለት ግን ለክፍሉ ኳስ ተጫዋች የተጻፈው ትንቢት ነበር።

ቃለ ጉባኤ ብርጭቆዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ነገሩ እስኪገባት ጥቂት ቆየች፤ ሲገባት ደግሞ ባልገባኝ ኖሮ አለች።

ይህ ስም የወጣላት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የክፍሉ ጸሐፊ ሆና የተመረጠች ዕለት ነው። በስብሰባ ላይ ማን ምን እንዳለ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳስነጠሰም ጽፋ ስለምታስቀምጥ፣ አራት ዓመት ሙሉ እናቷ ካወጣችላት ስም ይልቅ በዚህኛው ነበር የምትጠራው። ለምረቃው በዓል ትንቢት የመጻፉ ሥራ የተሰጣትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የአርባ ሁለት ሰው ዕጣ ፈንታ ስትጽፍና ስትሰርዝ ከረመች። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁሉም ትልቅ ሰው ይሆናል ብላ ሁሉንም አንቱ አለቻቸው። አስቀድሞ ሾልኮ የሚያነብ እንዳይኖር ብላም ስም አልጻፈችም፤ በየካርዱ ጥግ የስም ጥሪውን ተራ ቁጥር ብቻ አሰፈረች።

ተራ ቁጥሩን የወሰደችው በደብተሯ ጀርባ ከለጠፈችው ዝርዝር ነው። አዲሷ ልጅ ስትመጣ ጽሕፈት ቤቱ ዝርዝሩን ለውጦታል፤ እሷን አሥራ ሰባተኛ አስገብቶ ከእሷ በታች ያለውን ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ታች ገፍቶታል። የማንንም ማስነጠስ የማትረሳዋ ቃለ ጉባኤ አንድ ሙሉ ሰው ረስታለች። ሜጋፎን በእጁ የያዘው አዲሱን ዝርዝር ነው። ስለዚህ ከአሥራ ሰባት ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ሰው ዕጣ እየወሰደ ነበር። አንቱታው ደግሞ ሴቱን ከወንዱ ስለማይለይ ማንም አልነቃም።

"አቁም" ለማለት እጇን አወራጨች። የክፍሉ አለቃ ሜጋፎን ግን "አልሰማንም" ያለችው መሰለውና፣ ቀድሞውንም ማይክ የማያሻውን ድምፁን ጭራሽ ከፍ አደረገው።

"ቁጥር ሃያ! ከአሥር ዓመት በኋላ ድምፃቸውን ሳይሰማ የሚውል ሰው አይኖርም። ሬዲዮ ቢዘጉባቸው በመስኮት ይገባሉ!"

ይህ የራሱ የሜጋፎን ትንቢት ነበር። የተነሣችው ግን ጥላ ናት፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ እጇን አውጥታ የማታውቅ፣ ስሟ ሲጠራ "አቤት" የምትለው በከንፈሯ ብቻ የሆነች ልጅ። እንደ ደንቡ ትንቢቱ የተነበበለት ሰው ምን ለማን እንደሚያወርስ ኑዛዜውን መናገር አለበት። ጥላ ቀና አለችና ከጣሪያ የሚደርስ ንጹሕ ድምፅ አወጣች።

"ዝምታዬን ለሜጋፎን አውርሻለሁ።"

ጭብጨባው ለመቆም እምቢ አለ። ሜጋፎን ራሱ ደረቱን ይዞ ሳቀ። የጥላ አባት የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ከመኪናው በቀጥታ የመጡ መሆናቸው በሸሚዛቸው ያስታውቃል፤ ተነሥተው ቆመው እያጨበጨቡ ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። ቃለ ጉባኤ ወደ መድረኩ ልትወጣ ያነሣችውን እግር መለሰችው። አሁን "ስሕተት ነው" ብትል ምን ሊመጣ ነው? ዝም ብትልስ?

ይህን ስታወጣና ስታወርድ ቁጥሩ ሃያ አምስት ደረሰ። በሰዓት ሦስት ጊዜ መስታወት የምታየው ሽቶ፣ የከተማውን መታጠቢያ ቤት ሁሉ በሴራሚክ አንጥፋ እንደምትጨርስ ተነገራት። "በዚህ ጥፍሬ?" ብላ እጇን ዘርግታ ስታሳይ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ካርዱ የተጻፈው ሴራሚክ እያነጠፈ ለሚማረው፣ ክፍሉ ሁሉ አጎቴ ለሚለው ልጅ ነበር። ቃለ ጉባኤ ያኔ ነው ቀጥሎ የሚመጣው የታያት። አጎቴ ቁጥር ሃያ ስድስት ነው። ሃያ ሰባት ደግሞ አንደኛ የሚሉት፣ ከቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ካላስወጣው በራሱ የማይወጣው ጎበዝ ተማሪ ነው።

"ቁጥር ሃያ ስድስት! ከአሥር ዓመት በኋላም እዚሁ ትምህርት ቤት፣ እዚሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ዳይሬክተሩ ጡረታ ሲወጡ አበባ የሚያበረክቱትም እሳቸው ናቸው።"

አጎቴ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። አሥረኛ ክፍል ሳለ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ ስድስት ዓመት ሴራሚክ ሲያነጥፍ፣ ሁለት እህቶቹን ሲያሳድግ ቆይቶ ነው የተመለሰው። ጠዋት ተምሮ ከሰዓት ይሠራል። መምህራኑ ሳይቀሩ አጎቴ ይሉታል።

ከኋላ በኩል የተነሣው ሳቅ ከእስካሁኑ ሁሉ በለጠ። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጡት፣ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ የሆኑት እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተነሡና ወጡ። አጎቴ በሩን አየ፤ ሕዝቡን አየ።

"የኋላ ወንበሬን" አለ ቀስ ብሎ፣ "ከሥራ ደክሞት ለሚመጣ ተማሪ አውርሻለሁ። በመስኮት በኩል ስለሆነ ነፋስ አለው።"

ይሄም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እሱ እናቱን ተከትሎ ወጣ፤ ለክፍሉ ፎቶም አልተመለሰም። ካርዱ ከሰው አንሶ ቁጥር አርባ ሦስት ላይ ሲያልቅና ሜጋፎን "ቁጥር አርባ ሦስት የወደፊት ጊዜ የላቸውም!" ብሎ ሲያውጅ፣ ቁጥር አርባ ሦስት የሆነችው ቃለ ጉባኤ ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

ሜጋፎን እንደወረደ ሁለቱን ዝርዝር አስተያይታ አሳየችው። ጣቱን እያወረደ ተመለከተና ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"እና እኔ... የአጎቴ ላይ..."

"አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ።"

"አሁኑኑ ማይኩን ይዤ ስሕተት ነው ልበላ!"

"ሁሉንም?"

በዚያው ቅጽበት የጥላ አባት መጥተው የቃለ ጉባኤን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ የጻፍሽው። እኔ ቤት ውስጥ እንኳ ድምጿን ለመስማት የምለምናትን ልጅ... እንዴት አወቅሽባት?"

"እኔማ..." አለች ቃለ ጉባኤ። "እርስዎ... እንኳን ደስ አለዎት።"

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱን ዝርዝርና የአጎቴን ካርድ በቦርሳዋ ይዛ እሱ የሚሠራበትን አዲስ ሕንፃ ፈልጋ ሄደች። ትምህርት ካለቀ ወዲህ ጠዋትም እየሠራ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ መስተካከሉን ሊያይ ውኃ ልኩን አዲስ ባነጠፈው ሴራሚክ ላይ አጋድሞ አገኘችው። መንገድ ላይ ያጠናችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

"የትናንቱ ያንተ አልነበረም" አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠው።

"ምኑ?"

"ትንቢቱ። የአንደኛ ነበር። ዝርዝሩ ተቀይሮ፣ አዲሷ ልጅ ገብታ፣ ሁሉም አንድ አንድ ቁጥር..." ወረቀቶቹን አውጥታ ዘረጋችለት። "ይቅርታ አድርግልኝ። ላንተ እንደዚያ ብዬ አልጽፍም። እናትህም ተነሥተው ሲወጡ..."

አጎቴ ውኃ ልኩን አነሣና እጁን በሱሪው ጠረገ። ዝርዝሩን ግን አልተቀበላትም።

"እናቴ የወጣችው ተናዳ መስሎኝ ነበር" አለ። "እኔም በንዴት ነው የተከተልኳት፤ ተመልሼ ሜጋፎንን ጥርሱን ላወልቅለት ሁሉ አስቤ ነበር። ውጪ ሳገኛት ታለቅሳለች። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'መምህር እንደምትሆን ማን ነገራቸው?' አለችኝ።"

"መምህር?"

"እዚሁ ትምህርት ቤት፣ እዚሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አላችሁ አይደል? የሒሳብ መምህር መሆን እፈልጋለሁ ብዬ ለእሷ ብቻ ነበር የነገርኳት። እሷ የሰማችው ይሄንን ነው። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ለማጠቢያ ክፍሉ ሰው ሁሉ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ 'ልጄ ተመረቀ፣ መምህር ይሆናል አሉት' እያለች ነው።"

ቃለ ጉባኤ አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ለይቅርታ ነበር የመጣችው፤ አሁን ይቅርታው ራሱ ሌላ ጥፋት ሊሆን ነው።

"አንተስ?"

"እኔ መጀመሪያ ስድብ ነው አልኩ። ከዚያ የእናቴን ሳይ፣ አይ፣ አንቺ እኮ ሁሉን የምትጽፊ ልጅ ነሽ፣ ምናልባት ሰምተሽ ይሆናል፣ ምርቃት ነው አልኩ። አሁን ደግሞ መጥተሽ ስድብም አይደለም፣ ምርቃትም አይደለም፣ የስም ዝርዝር ነው በይኛ!" ሳቁ መጣበትና ሳይስቅ ቀረ። "የኔስ ምን ነበር?"

ይህን እንዳይጠይቃት ነበር የፈራችው። ካርዱን ሰጠችው። አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

"የከተማውን መታጠቢያ ቤት ሁሉ አንጥፈው ይጨርሳሉ" አለ። "ለክፍላቸው ልጆች ግን በነፃ።"

"ቀልድ ነው" አለች።

"በነፃ?"

"ቀልድ ነው አልኩህ እኮ።"

"አልተቀየምኩም። ውሸትም የለበትም፤ ይኸው እያነጠፍኩ አይደል?" ካርዱን መለሰላት። "ግን ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተቀምጠን አንድ ቀን ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር።"

ሰው ሲናገር መጻፍ እንጂ ሰውን መጠየቅ ሥራዋ መስሎ ታይቷት አያውቅም ነበር።

"የዩኒቨርሲቲ ምርጫህን ሞላህ?" አለች በመጨረሻ።

"አልሞላሁም። አሠሪዬ ፎርማን ላድርግህ፣ ሌላ ሕንፃ ጀምረናል ይለኛል። ትንሿ እህቴ ትምህርቷን ለመጨረስ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። እናቴ ሞልቼ የጨረስኩ ነው የሚመስላት።" ጎንበስ ብሎ የግንበኛ ማንኪያውን ሲሚንቶው ውስጥ ነከረ። "እሷ ዘንድ ሄደሽ ስሕተት ነው እንዳትያት።"

"አልልም። የምረቃው መጽሔት ላይስ? ትንቢቱ እዚያም ይወጣል፤ ዛሬ ለጽሕፈት መሰጠት አለበት። የቱን ላድርግልህ?"

"እኔ እንጃ። አንቺ ነሽ ጸሐፊዋ።" ሴራሚኩን አንሥቶ በቦታው አስቀመጠና በጡጫው ቀስ እያደረገ መታው። "ሲሚንቶው ይደርቅብኛል፤ አትቀየሚኝ።"

የጽሕፈት ቤቷ ታይፒስት የምረቃ መጽሔቱን ግማሽ አድርሳ ነበር የምትጠብቃት። ሁለቱን ዝርዝር ስታይ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች።

"በየትኛው ነው የምመታው? በአሮጌው ነው በአዲሱ?"

ቃለ ጉባኤ መንገዱን በሙሉ ይህንኑ ስታስብ ነው የመጣችው። በአሮጌው ቢሆን ሁሉም በትክክል ይሆናል፤ ጥላ ግን ድምጿን ትመልሳለች፤ አባቷም መጽሔቱን ከፍተው ሌላ ነገር ያነባሉ። በአዲሱ ቢሆን እሷ ያልጻፈችው እውነት ይሆናል። የቱ ውሸት እንደሆነ መለየቱ ከትናንት ይልቅ ዛሬ ባሰባት።

"እንደተነበበው፣ በአዲሱ" አለች።

ታይፒስቷ መምታት ጀመረች። ቃለ ጉባኤ ከትከሻዋ በላይ ሆና እያንዳንዱን ቃል ተከታተለች። ሃያ ስድስት ላይ ሲደርሱ ታይፒስቷ ቆመች።

"ይቺ ግን አልገባችኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ ስትዪ፣ ወድቀው ነው ወይስ አስተማሪ ሆነው? አንዲት ቃል ብንጨምርባት ጥርት ትላለች። 'ተማሪ ሆነው' ልበል፣ 'መምህር ሆነው'?"

"መምህር" ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ እናቱም ደስ ይላቸዋል፣ እሷም ዕዳዋን የከፈለች ያህል ይቀላታል። ግን ያ ልጅ አሁን በጉልበቱ ተንበርክኮ ፎርማን ልሁን መምህር እያለ ነው፤ እሷ እዚህ ቁጭ ብላ ልትጨርስለት ነው?

"አንዱንም አትበይ" አለች። "እንዳለች ተዪያት።"

"አንባቢ ግራ ይገባዋላ!"

"ይግባው። ባለቤቱም ገና ግራ እንደገባው ነው።"

ታይፒስቷ ትከሻዋን ሰበቀችና መነጽሯን መልሳ አጠለቀች።