የሻንሲው ሆድ

ድንኳኑ የተተከለው መኪናውን ጨምሮ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ሌላ መላ አልነበረም። ጎማዎቹ ወልቀው በአራት ወፍራም ግንዶች ላይ የተቀመጠው ላንድክሩዘር መሐል ላይ ቀረ፤ ለቀስተኛው አግዳሚ እየሳበ ዙሪያውን ተቀመጠ። ከውጭ ለሚገባ ሰው ሐዘኑ የመኪናው ይመስላል።

"ተገልብጦ ነው?" አሉ ከጨለለቅቱ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ በከዘራቸው ወደ መኪናው እየጠቆሙ።

"አይደለም አባቴ። በደም ግፊት ነው የሞተችው" አለች ኤልቤቴል።

"መኪናውስ?"

"መኪናው ለቀለም የመጣ ነው።"

ሽማግሌው "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብለው ወደ ንፍሯቸው ተመለሱ። ኤልቤቴል ይህንኑ ጥያቄ ለስንት ሰው እንደመለሰች መቁጠር ትታለች። እናቷ ወርቂቱ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቧንቧው አጠገብ ወደቀች፤ ረቡዕ ተቀበረች፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ድንኳኑ ቅዳሜ ይፈርሳል። እስከዚያ ኤልቤቴል መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ለመጣው ሁሉ "አሜን" ማለት አለባት።

ፍራሹ ላይ መሆኗ ግን አግዳሚ ላይ ያሉት የማያዩትን አሳያት። ዓይኗ ከመኪናው ሥር ጋር እኩል ሆነ። ሞተሩንም አካሉንም የሚሸከመው ሻንሲ ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግቷል፤ ሁለት ረጃጅም፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ብረቶች፣ በየጎናቸው ላይ ቀዳዳ ያላቸው። የድሮው ዝገት እስከ መጨረሻው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ማክሰኞ ጠዋት ብረቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር። አሁን ጠርዙ ላይ ቀጭን ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል።

ጠጋ ብላ በጣቷ ነካችው። ጣቷ ቀላ።

መስከረም ሊያልቅ ነው፤ ዲላ ላይ ከሰዓት ሳይዘንብ የሚውልበት ቀን የለም። ኤልቤቴል አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምራለች፤ የተራቆተ ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ የማንንም ሐዘን እንደማይጠብቁ ለማወቅ ግን ያ ሁሉ ትምህርት አያስፈልግም። ቀለሙ እስከ ቅዳሜ ካልገባ ዝገቱ ተመልሶ ይገባል፤ የሁለት ሳምንት ፍቀት ከንቱ ይሆናል።

"እትዬ ገበያነሽ" አለች ቀስ ብላ። ገበያነሽ ጎረቤት ናት፤ የዕድሩን ሴቶች የምታዝዘው እሷ ናት። "ብረቱ እየዛገ ነው።"

"የቱ ብረት?"

"ሻንሲው። አባዬ ተነስቶ አንድ እጅ ቢቀባው..."

"ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል! እናትሽን አፈር ካለበስን ገና አንድ ቀን ነው። ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ይሄን ልትነግሪን ነው?"

"ብረቱ አይቆይማ።"

"እኛ ቆይተን አይደል የተቀመጥነው? አንቺም ቆይ።"

በዚህ ሰፈር ድንኳን ሳይፈርስ ሥራ የነካ ሐዘንተኛ ስሙ ለዓመታት ይነሳል፤ ኤልቤቴል ያንን ታውቃለች። አባቷን አየችው። ደበበ በሩ አጠገብ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ከይርጋጨፌ እስከ ገደብ ያሉ ሹፌሮች "የደበበ እጅ የነካው አይበሰብስም" የሚሉለት ሰው ነው። በቡናው መንገድ ላይ መኪና የሚሞተው ከውስጥ ነው። ቀዩ ጭቃ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሻንሲው ውስጥ ይተኛል፣ ክረምት ከበጋ እርጥብ ሆኖ ብረቱን ይበላዋል፣ አንድ ቀን መኪናው ከነጭነቱ ወገቡ ይቆረጣል። የደበበ መኪኖች ወገባቸው አይቆረጥም። ኤልቤቴል ይህን እየሰማች ነው ያደገችው። እናቷ ደግሞ ከፊት ያለችውን ትንሽ የቀለም ሱቅ ትጠብቃለች፣ ለአባቷ አምፖል ትይዝለታለች፣ ውሃ ታቀብለዋለች፤ በሙቀትም በብርድም እጀ ሙሉ ሹራብ ትለብሳለች። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ "እናትሽ ምን ትሠራለች?" ሲሏት ኤልቤቴል "ሱቅ አላት" ትል ነበር።

ሙሐሲን ከሰዓት በኋላ መጣ። የመኪናው ባለቤትም ሹፌርም እሱ ነው፤ ከወርቃ እሸት ቡና ያመላልሳል። ደበበን አቅፎ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ መኪናውን ላለማየት አንገቱን አጣሞ ተቀመጠ።

"ወላሂ ለለቅሶ ነው የመጣሁት" አለ አጠገቡ ላለው ሰው። "ሰዉ ግን መኪናውን ሊያይ መጣ ብሎ ነው የሚያየኝ።"

"እና አላየኸውም?"

"በአንድ ዓይኔ ብቻ።"

ወንዶቹ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሙሐሲን ግን አልሳቀም። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አምና ወርቃ ላይ መሬት ተንሸራቶ የጓደኛዬ መኪና ገደል ገባ። እሱ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ካቢናው እንደ ቆርቆሮ ተጨማዷል። ሻንሲውን እንኳ ለብረቱ እንሸጠዋለን ብለን ገደብ ወስደን አስቆረጥነው። በያጁ ሁለት ቦታ ከቆረጠው በኋላ ማሽኑን አጠፋና ስልክ አብርቶ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ጠራን። አሥራ አንድ ሹፌር ተራ በተራ እየተንበረከከ አየ። እዚህ ግቢ ከተቀባ ሰባት ዓመቱ ነው! ውስጡ ጥግ ጥጉ ሳይቀር ትናንት የተቀባ ነው የሚመስለው። በያጁ ‹ይሄ የሰው እጅ አይደለም› አለ።" ወደ ደበበ ዞረ። "ጋሽ ደበበ፣ እጅህ ይባረክ።"

ደበበ ቀና አላለም። "አሜን" እንኳ አላለም።

ሙሐሲን ሊሄድ ሲነሳ ኤልቤቴል እስከ በር ሸኘችው።

"መኪናውን መቼ ነው የምትፈልገው?"

"አሁን ይሄ ይወራል እንዴ እህቴ?"

"ይወራል።"

ሙሐሲን ጫማውን አየ። "ወርቃ ላይ እሸቱ ደርሷል። እሑድ እንደተፋቀ እወስደዋለሁ። ለቅሶው ሲያልፍ እመልሰዋለሁ።"

እንደማይመልሰው ሁለቱም ያውቁ ነበር። ለቀማ ከተጀመረ መኪና እስከ ጥር አይቆምም።

ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ሄደች፤ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"አባዬ ተነስ። ሙሐሲን እሑድ ይወስደዋል፤ ዛሬ ካልተቀባ አይደርቅም።"

"አልችልም።"

"ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው? ስምህ እኮ ነው የሚበላሸው!"

ደበበ ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ጉልበቷ ላይ ዘረጋው። ሰፊ፣ ወፍራም፣ ጣቶቹ የተቆለመሙ እጅ ነው።

"ይሄ በዚያ ቀዳዳ ይገባል?"

ኤልቤቴል እጁን አየች። ቀዳዳውን አየች።

"ውጩን ነው እኔ የምሠራው" አለ። "ውጩን ማንም ይሠራዋል። ሆዱን እሷ ናት።"

"እማዬ?"

"አንቺ ሁለተኛ ክፍል ነበርሽ። ስፖንጅ በዱላ አስሬ ውስጡን ልቀባ ስታገል፣ አልዞር ሲለኝ ስሳደብ ሰማችኝ። የምታጥበውን ዕቃ አስቀምጣ ‹ዘወር በል› አለችኝ። ክንዷ እስከ ብብቷ ገባ። ከዚያ ዝም አለች። ‹ምን አለ?› ስላት ‹ዝም በል፣ እያየሁ ነው› አለች። በጣቷ ነበር የምታየው። መጀመሪያ ጭቃውን አወጣች፤ ቡና አብሮ ወጣ። አንዷ ፍሬ እዚያ ጨለማ ውስጥ በቅላ ነጭ አንገቷን ወደ ቀዳዳው አስግጋ ነበር። ወስዳ ተከለቻት፤ ከዚያ ወዲህም የበቀለ ባገኘች ቁጥር ትተክል ነበር። ከቤቱ ጀርባ ያሉት ሰባቱ የቡና እግሮች ከየት የመጡ መሰለሽ?"

ኤልቤቴል ከጎረቤት የተሰጡ ይመስሏት ነበር። ጠይቃ አታውቅም።

"እጇ የማይደርስበት ቦታ ላይ ገመድ ታሾልካለች፤ ቀለም የጠጣ ስፖንጅ አስራ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ትጎትታለች። አንዴ ቀብታ አትተወውም። ሲደርቅ ተመልሳ ትዳስሳለች፤ የሻከረ ካገኘች እንደገና ትፍቀዋለች። ማን ያየዋል ስላት ‹ጭቃው ያየዋል› ትለኛለች።"

"ለምን አልነገርከኝም?" ድምፏ ከፍ አለ፤ ጥቂት ራሶች ዞሩ። "አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ! ሰው ሁሉ አንተን ሲያመሰግን!"

"እሷ ናት አትናገር ያለችኝ። ‹እናትሽ መኪና ሥር ትንጋለላለች› ብለው ትምህርት ቤት ልጄን ይሰድቡብኛል አለች። ከተመረቅሽ በኋላ ደግሞ..." ትከሻውን ሰበቀ። "አልጠየቅሽም።"

ኤልቤቴል ብታለቅስ የሚቀላት መሰላት፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው፤ ንዴቱም ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም። ተነስታ ነጠላዋን አጠፈች። እጅጌዋን ሰበሰበች። ገበያነሽ ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ ክንዷን ያዘቻት።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"እማዬ የጀመረችውን ልጨርስ።"

ኤልቤቴል ገበያነሽ ትጮሃለች ብላ ጠበቀች። ሴትየዋ ግን ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

"ገላዋን ያጠብኳት እኔ ነኝ" አለች። "ጥፍሯ ሥር ያለው ቀይ አልለቅ አለኝ። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት። ቲነር አምጡልኝ አይባል ነገር። ከነቀለሟ ነው የቀበርናት። ከዚያ ወዲህ ይሄ ቀለም ከየት መጣ እያልኩ እንቅልፍ የለኝም።" ክንዷን ለቀቀቻት። ወደ ሴቶቹ ዞረችና አጨበጨበች። "ተነሱ፣ ተነሱ! ዝናቡ በዚህ በኩል ይመጣል፤ አግዳሚውን ወደ መንገዱ አዙሩት! ወንዶቹም!"

"ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚመጣው?" አለ አንዱ።

"እኔ ባልኩህ በኩል!"

አግዳሚዎቹ ተንኳኩ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ለመኪናው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀመጠ፤ አንዲት ሴት መዝሙር አነሳች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት።

ኤልቤቴል ካርቶን አንጥፋ በጀርባዋ ገባች። ጠርዙ ላይ የጀመረውን ቅላት በሽቦ ብሩሽ ጠረገችው፤ ገና ስለሆነ ቶሎ ለቀቀ። ከዚያ ቀኝ እጇን በመጀመሪያው ቀዳዳ አስገባች። አጥንቷን ትንሽ ቆነጠጣት፤ ገባ። የእናቷን ያህል ነው ክንዷ። ይህንንም አስተውላው አታውቅም።

ውስጡ ለስልሶ ቆያት። እናቷ ማክሰኞ ጠዋት የቀባችው ነው። ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ወሰደቻቸው፦ ጥጉ፣ የብየዳው ስፌት፣ የብሎኑ ጀርባ፣ ውሃ የሚወጣባት ቀዳዳ ከንፈር። አንድም የረጋ ጠብታ የለም። አንድም የተዘለለ ቦታ የለም። ሰው ዓይኑን የማያሳርፍበት፣ ብርሃን የማይገባበት፣ መኪናው ገደል ገብቶ ካልተቆረጠ በቀር ማንም የማያውቀው ቦታ ላይ እንደ ሲኒ ውስጥ ልስልስ ያለ ቀለም። ኤልቤቴል በላቦራቶሪ ስንት ጥሩ ነገር አይታለች፤ እንዲህ ያለ ግን በእጇ ነክታ አታውቅም። እናቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘቻት መሰላት፤ እዚህ፣ በጭቃ መንገድ ላይ በሚሄድ ብረት ውስጥ።

ሦስተኛው ቀዳዳ አካባቢ ልስላሴው ቆመ። ከዚያ ወዲያ ሻካራ ብረት ነው።

"አገኘሽው?" አለ አንድ ድምፅ። አባቷ ከሻንሲው ማዶ ጋቢውን ጥሎ በጎኑ ተኝቷል፤ ብሩሽና የቀዩ ቀለም ቆርቆሮ ይዟል።

"አገኘሁት።"

"ከእሷው ላይ አንድ ጣት ያህል ደርበሽ ጀምሪ። በመገጣጠሚያው ነው ዝገት የሚገባው።"

ጨርቁን እጇ ላይ ጠቅልላ ቀለሙ ውስጥ ነከረች፤ አንጠፈጠፈች፤ አስገባች። ደረበች። ቀስ እያለች ሄደች። በሕይወቷ ሳትቸኩል የሠራችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ውጭ ዝናቡ ሸራው ላይ መውረድ ጀመረ፣ መዝሙሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እሷ ጥጉን እየፈለገች ነበር።

ደበበ በጣቱ አንጓ ብረቱን ሁለት ጊዜ መታ። ወዲያው እጁን ሰበሰበ።

"ምንድን ነው?" አለች።

"ምንም። ልማድ ነው። እጇን ከትታ ዝም ስትልብኝ... አለሽ ወይ ለማለት ነው።"

ኤልቤቴል ጨርቁን እንደጨበጠች እጇን ውስጥ አዞረችና ብረቱን ሁለት ጊዜ መታች።

ደበበ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ።