ግራ እግሩ የሚያውቀው ሸክላ

"ፍታው! ገመዱን ፍታው አልኩህ!"

አሮጊቷ ጮኸች። ሊገዛ የመጣው የሙዚቃ ሸክላ ሰብሳቢ ሃያውንም አልበም ካርቶን ውስጥ ከትቶ ገመዱን እያጠበቀ ነበር። ልጇ መሀል ገባች።

"እማዬ፣ ተስማምተን ጨርሰናል እኮ። የምንገባበት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ የአባዬ አልጋ ከገባ መርፌ መጣያ አይተርፍም።"

"ከማን ጋር ነው የተስማማሽው? እኔ ሞቻለሁ?"

ጥግ ላይ ባሏ ተንጋሏል። ዕድሜውን ሙሉ በየክበቡ ኦርጋን የተጫወተ ሰው፣ ስትሮክ አንደበቱንና እጁን ከቀማው ስምንት ወሩ። ሐኪሙ "ምንም አይሰማም" ብሏል። ሐኪም ምን ያውቃል! ባለፈው እሁድ አንዱ ሸክላ ሲዞር ግራ እግሩ፣ ያ የኦርጋኑን ወፍራም ድምፅ መርገጫ የሚረግጠው እግር፣ ብርድ ልብሱን ሲያነሳ በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ከየትኛው ሽፋን እንዳወጣችው ግን ልብ አላለችም። ልጇም "ምኞትሽ ነው" ብላ አፏን አስዘጋቻት።

"የሚፈልጉትን ሸክላ ስም ይንገሩኝ እማማ፣ ላውጣልዎት" አለ ሰብሳቢው።

"ፊደል ብቆጥር አንተን እለማመጥ ነበር?"

"ታክሲው እየጠበቀኝ ነው።"

"ይጠብቃ! ጎማው አይበሰብስ።"

ገመዱን በሽንኩርት ቢላዋ በጠሰችው። የመጀመሪያውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አድርጋ አጫወተች፤ እግሩ ዝም። ሁለተኛው፣ ዝም። ሦስተኛው፣ ዝም። ውጭ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ።

ሰብሳቢው ትዕግሥቱ አልቆ ቀይ ኮት የለበሰ ኦርጋን ተጫዋች ያለበትን ሽፋን መዘዘ። "ሶል ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ማለት ይሄ ነው! ሰው ይህን ሳይሰማ መሞት የለበትም።"

መርፌውን ሲያሳርፈው ሕፃናት ፊደል ዘመሩ። ሰውየው ክው አለ።

እሷ ግን ሳቀች። ለካ ያ ተንኮለኛ ባሏ! የተዋሰው ሁሉ እየወሰደ ሲቀርበት፣ የሚሳሳለትን ከማይረባ ሽፋን ጋር አለዋውጦታል። ካርቶኑን ገለባብጣ የሕፃናቱን ሽፋን አገኘች፤ ተማሪዎች ተሰልፈው የተነሱበትን። ውስጡ ያለውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠች።

መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ ኦርጋኑ ከሥር፣ ቀስ ብሎ እንደሚራመድ ሰው መጣ።

ብርድ ልብሱ ተነሳ። ወረደ። ደግሞ ተነሳ።

"አባዬ?" አለች ልጇ ወደ አልጋው ጠጋ ብላ።

ሰብሳቢው ዓይኑ ከሸክላው አልተነቀለም። "ይሄ ነው! ስንት ዓመት የፈለግኩት!" ብሎ እጁን ሰደደ።

አሮጊቷ እጁን በጥፊ መለሰችውና ባለ ቀይ ኮቱን ባዶ ሽፋን አስታቀፈችው።

"አንተ ፊደል ቆጥረህ የለ? እንካ፣ ቤትህ ሄደህ አንብበው።"

ልጇ ሄዳ በሩን ከፈተችለት።