ቢጫ ነጥብ

ሰው ቆሞ ይወድቃል? እኔ ወደቅሁ። መብራቱ ቀይ ነው፣ ብስክሌቴ ቆሟል፣ የገፋኝ የለም፣ የነካኝ የለም። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እግሩ እንደተሰበረ ቁም ሣጥን ቀስ ብዬ በቀኝ ጎኔ አስፋልቱ ላይ ተዘረጋሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ልንገረው። የኔ ብስክሌት ፔዳል ጫማ ይቆልፋል። ከጫማው ሶል ሥር ትንሽ ብረት አለች፤ ፔዳሉ ላይ ጫን ሲሏት ቀጭ ብላ ትገባለች፣ ከዚያ በኋላ እግርና ብስክሌት አብረው ይሄዳሉ። ለመውጣት ተረከዝን ወደ ውጭ ጠምዘዝ ማድረግ ብቻ ነው፤ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ዳገት ላይ ጉልበት ያተርፋል፣ ከቤቴ እስከ ሥራዬ ደግሞ ሁለት ክፉ ዳገት አለ። አራት ወር ነድቼበታለሁ፣ አንድም ቀን አልወደቅሁም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ተረከዜን ጠመዘዝኩ፣ አልለቀቀም። ደግሜ ጠመዘዝኩ። ለሦስተኛው ጊዜ አልነበረኝም።

መውደቁስ ይሁን፣ ሰው ይወድቃል። ቆሽቴን ያሳረረው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሰዉ ተረባርቦ ሊያነሳኝ መጣ። አንዱ በብብቴ ገብቶ ወደ ላይ ይጎትተኛል፣ ሌላው ብስክሌቱን ወደ ታች ይጎትታል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱም እግሮቼ እንደተቆለፉ ናቸው።

«አትጎትቱኝ! እግሬ ተይዟል!» ብዬ ጮህኩ።

«አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ድንጋጤ ነው» ይላል ጎታቹ፣ እየጎተተ።

«ልቀቂው እንጂ ብስክሌቱን!» አለችኝ አንዲት ዣንጥላ የያዘች ሴትዮ፣ እንደ ሕፃን እየተቆጣችኝ። እኔ ነኝ እንዴ የያዝኩት? የብስክሌቱን መንገድ ዘግቶ የቆመው የዳቦ መኪና ሹፌር ደግሞ በመስኮት ብቅ ብሎ «እናቴ፣ ካልቻልሽበት እኮ አውቶቡስ አለ» አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አይደለም።

በመጨረሻ ሁሉንም በጩኸት አባርሬ፣ በግራ እጄ የጫማዎቼን ማሰሪያ ፈትቼ እግሮቼን አወጣሁ። ጫማዎቹ ፔዳሉ ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ፔዳሉ ከኋላው ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የምትወስን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቢጫ ነጥብ ተቀብታለች። ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል።

አባቴ!

አባቴ አርባ ዓመት አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የጎማ ብሎን ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ያጠበቀው ብሎን ላይ በቀጭን ብሩሽ ቢጫ ነጥብ ያኖራል፤ ይሄ በእኔ እጅ አልፏል፣ ማንም እንዳይነካው ማለት ነው። ጡረታ ሲወጣ ቀለሙም ብሩሹም አብረውት እኔ ቤት ገቡ። የበሩ ማጠፊያ ቢጫ ነው፣ የቧንቧው እጀታ ቢጫ ነው፣ የወንበሮቹ እግር፣ የድስቱ ክዳን ጆሮ፣ የመጸዳጃው መቀመጫ ሳይቀር ቢጫ ነጥብ አለበት። ቤታችን ውስጥ የሚላላ ነገር የለም። የሚከፈትም የለም ማለት ይቻላል፤ የማር ጠርሙስ ለመክፈት የጎረቤት ጎረምሳ የምንጠራበት ጊዜ አለ።

ይሄን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ብስክሌቴን ግን እንዳይነካ ነግሬው ነበር፤ አንዴ አይደለም፣ አሥር ጊዜ። «አባዬ፣ ይሄ አውቶቡስ አይደለም» ስለው «እሺ» ይላል። የአባቴ እሺ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት እንደሆነ እያወቅሁ ማመኔ ነው ጥፋቴ። ጠዋት ስወጣ እንኳ ጫማዬ ሲገባ ከወትሮው የበለጠ ጮኾ ነበር፤ ስለቸኮልኩ ችላ አልኩት።

የቸኮልኩበት ምክንያት ነበረኝ። አራት ሰዓት ላይ ፈተና አለብኝ።

ሥራዬ ጥርስ መቅረጽ ነው። ጥርስ ለጎደለው ሰው ሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሠራ ቤት ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ከሰም ስቀርጽ ኖሬያለሁ። የክፍላችን ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ለሁለት ሰው ቀረበ፤ ለእኔና «ቀስ በሉ» ለምንለው ባልደረባዬ። ስሙን ያገኘው ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ሰው እሱን ስለሚል ነው። እውነት ለመናገር አንድም ጥርስ ሰብሮ አያውቅም፣ ምክንያቱም የሚጨርሰው ጥቂት ነው። የሥራ ቤታችን ባለቤት ደግሞ ወሬ የማይወዱ ሴት ናቸው። «እጃችሁን አሳዩኝ» አሉን። ከጄሶ በተሠራ የአፍ ቅርጽ ላይ አንድ ክራንቻ ጎድሏል፤ እሱን በአርባ ደቂቃ ከሰም ቀርጾ መተካት ነው። ቦታው የኔ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ ቀስ በሉ ራሱ ያውቃል።

እንግዲህ በካልሲ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሥራ ቤት ገባሁ። ሁለቱ ጫማዎቼ ፔዳሉ ላይ ሆነው ይጋልባሉ፣ ባለቤታቸው በእግሯ ትሄዳለች። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ሳቀ። የቀኝ እጄ አንጓ እዚያ እስክደርስ አብጦ የሰዓቴ ማሰሪያ ሥጋዬ ውስጥ ሰምጦ ነበር። መቅረጫዋን አነሳሁ፤ ከጣቶቼ መሃል ወደቀች። ደግሜ አነሳሁ፤ ደግማ ወደቀች።

ባለቤቷ መነጽራቸውን አውልቀው እጄን አዩ። «ሂጂና ታዪ» አሉ። ማዶ ያለው ክሊኒክ ሄድኩ፣ ራጅ ተነሳሁ። ተረኛዋ ነርስ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችና «እድለኛ ነሽ፣ አልተሰበረም። ወለምታ ነው» አለችኝ። «ሦስት ቀን ምንም ነገር እንዳታነሺበት። ብርጭቆም ቢሆን። ከዚያ ደህና ትሆኛለሽ።»

ባለቤቷ ይሄን ሲሰሙ ፈተናውን ለዓርብ አዛወሩልኝ። «ከዓርብ አንድ ቀን አላሳልፍም» አሉ። ቀስ በሉ ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ቀስ በይ፣ እህቴ፣ ጤና ይቀድማል» አለኝ። ልነክሰው ምንም አልቀረኝም።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሥራ ቤቱን ነጠላ ጫማ ተውሼ፣ ብስክሌቱን በግራ እጄ እየገፋሁ ቤቴ ደረስኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር። አባቴ በሩን ከፈተልኝና መጀመሪያ ያየው እግሬን ነው።

«ጫማሽስ?»

«እዚያው ነው። አጥብቀህልኝ የለ!»

ከዚያ በፋሻ የታሰረ እጄን አየ። ፊቱ ልውጥ አለ። «ምን ሆነሽ ነው?»

«ብሎኑን ማን ነካው፣ አባዬ?»

ዓይኑን ወደ ፔዳሉ ጣለ።

«ቢጫውን አይቼዋለሁ!»

«ባለፈው ሳምንት በስልክ ስታወሪ ሰምቼ ነው» አለ። «‹ዳገቱ ላይ እግሬ ወጣብኝ፣ ልደፋ ነበር› ስትዪ። የሚለቅ ነገር ይጠብቃል እንጂ ምን ይደረጋል?»

እውነት ነው፣ ብያለሁ። እውነት መሆኑ የባሰ አናደደኝ።

«ከጠበቀም ሩብ ዙር ነው! ሩብ ብቻ!»

«ብሎን እስኪቆም ድረስ ነው የሚጠብቀው።»

«ይሄ እንዲለቅ ነው የተሠራው!»

«እንዲለቅ የተሠራ ብሎን አላውቅም» አለ፣ ፍጹም ተረጋግቶ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጎማ አልወለቀበትም፤ ይሄን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ይነፋል። «በእጄ ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ነበር። ምናልባት አንቺ ቸኩለሽ ይሆናል።»

ይቅርታ ቢለኝ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። እምላለሁ፣ ያበቃ ነበር። ያቺ «ቸኩለሽ ይሆናል» ናት የጨረሰችኝ። ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ።

«ና ውጣበት» አልኩት።

«ምን ላይ?»

«ብስክሌቱ ላይ። ደህና ነው አላልክም? ና!»

የአባቴና የኔ እግር አንድ ቁጥር ነው። እናቴ በሕይወት እያለች «ለሁለታችሁ አንድ ጫማ ይበቃል፣ በፈረቃ አድርጉት» እያለች ትስቅብን ነበር። ብስክሌቱን ኮሪደሩ ውስጥ አቆምኩት፤ በግራ በኩል ግድግዳ፣ በቀኝ በኩል የኩሽናው ክፍት በር። አባቴ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ይቆረጥመዋል፣ ኩራቱ ግን አይቆረጥመውም። ግድግዳውን ይዞ ወጣ። እግሮቹን ፔዳሉ ላይ በተቆለፉት ጫማዎች ውስጥ ከተተ። ማሰሪያዎቹን ራሴ ሳብ አድርጌ አሰርኩለት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆሜ መሪውን በግራ እጄ ያዝኩ።

«ቀይ መብራት ነው» አልኩት። «እግርህን አውጣ።»

«እንዴት አድርጌ?»

«ተረከዝህን ወደ ውጭ።»

ጠመዘዘ። ምንም። እንደገና ጠመዘዘ፣ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ማሰሪያውን ልፍታው?»

«መንገድ ላይ ማሰሪያ የሚፈታ ጊዜ የለም። ከኋላህ መኪና አለ። አውጣ!»

«ቆይ እስቲ…»

«መኪናው አይቆይም!»

ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ዓይኖቹ ወደ እግሩ፣ ወደ እኔ፣ ወደ እግሩ ይመላለሳሉ። አባቴ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ መዋሸት አልፈልግም፣ ደስ አለኝ። ጠዋት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተሰማኝን እሱም እንዲያውቀው ፈለግሁ። ስለዚህ መሪውን ለቀቅሁት።

ለአንድ አፍታ ብቻ ነበር። ግድግዳው ደግፎ የሚያቆየው መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ደንግጦ እጁን ከግድግዳው አነሳና ወደ ኩሽናው በር ያዘነብል ጀመር። እዚያ የምድጃው ጠርዝ አለ፣ ልክ ጭንቅላቱ በሚያርፍበት። ማሰብ የለም፣ ዘለልኩ። ሰውየውም ብስክሌቱም በፋሻ የታሰረው እጄ ላይ ወደቁ።

ድምፁን ሁለታችንም ሰማነው።

አባቴ ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቷል፣ እግሮቹ አሁንም እንደተቆለፉ። አንድም ቦታ አልተጫረም። «እጅሽ! እጅሽን አሳዪኝ!» እያለ ይጮኻል፣ ሊነሳ ይፍጨረጨራል፣ ብስክሌቱ አይለቀውም። እኔ ምድጃውን ተደግፌ ተቀምጬ እያየሁት ነው። ልፈታለት አልቻልኩም። በመጨረሻ ራሱ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያዎቹን ፈታና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ እኔ መጣ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያችው ነርስ ነበረች፤ ተራዋ አላለቀም። ካርዴን አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ ተቆጣችኝ።

«ጠዋት ምንም እንዳታነሺበት አላልኩሽም? ምን አነሳሽበት?»

አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«እኔን» አለ። «የወደቅሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። የተሰበረው የሷ እጅ ነው።»

ነርሷ ሁለታችንንም እያፈራረቀች አየችን። እንደገና ለራጅ ላከችኝ። ራጁ ሲመጣ መስመሩ ለእኔም ታየኝ፤ ቀጭን ነው፣ ግን ከዳር እስከ ዳር።

ጄሶ አሳሪው ወፍራም ጣቶች ያሉት ዝምተኛ ሰውዬ ነው። ጄሶ እኔም አውቃለሁ፣ በየቀኑ አቦካለሁ፤ ሲሞቅና ሲጠነክር ምን እንደሚሆን ማንም አይነግረኝም። «ስድስት ሳምንት» አለ፣ ፋሻውን ውኃ ውስጥ እየነከረ። ከአንጓዬ ተነስቶ ወደ ጣቶቼ ሲጠመጥም አባቴ ከወንበሩ ተነስቶ አጠገቡ ቆመ።

«ወንድሜ» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሽ ላላ አድርግላት። ጣቶቿ ይንቀሳቀሱ። ዓርብ የምትቀርጸው ጥርስ አላት።»

«ከላላ አጥንቱ ተጣሞ ይገጥማል፣ አባት።»

«ትንሽ ብቻ ነው ያልኩህ።» የሰውየውን ክንድ ያዘው። «ሩብ ያህል።»

አባቴ ከአፉ «ላላ» የሚል ቃል ሲወጣ በሕይወቴ የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው። ንዴቴ አልበረደም፤ በእሱም፣ በዳቦ መኪናውም፣ መሪውን በለቀቀችው በግራ እጄም። ዓርብ ቀስ በሉ መቅረጫዬን ይዞ ወንበሬ ላይ እንደሚቀመጥም አውቄያለሁ። አባቴ ግን የሰውየውን ክንድ ገና አልለቀቀም።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ጄሶ አሳሪውን «አጥብቀው» አልኩት።