የአድነው ሻይ

ለኮሌጁ ማኅበረሰብ በሙሉ፦ የሥዕል ክበብ ሐሙስ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በአራት ቁጥር ክፍል ይሰበሰባል። ሻይ ይኖራል። ይህ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ማኅተምም ነበረበት፤ ክብ፣ ሐምራዊ፣ ለጥንቃቄ ሁለቴ የተመታ። ሶዶ ላይ፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር ባለው በዚህ የሥዕል ኮሌጅ ሰው ማስታወቂያ ፊት የሚቆመው ጉሙ እስኪገለጥ መጠበቂያ ሲያጣ ነው። ሶሲ ግን ሦስት ጊዜ አነበበችው።

ከዲምቱ ከመጣች ስድስት ሳምንቷ ነው። በስድስት ሳምንት ከሰው ጋር የተነጋገረችው ሁሉ ቢደመር አንድ የባጃጅ ላይ ክርክር አይሞላም። አረካ ያለው አጎቷ በየእሑዱ ይደውላል።

"ሥዕሉም ሰዉም እንቢ ካለሽ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? አካውንቲንግ ቦታ ይዤልሻለሁ። መልቀቂያውን ሞልተሽ ነይ።"

መልቀቂያ የሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ከዚህኛው ሐሙስ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ሶሲ መሄድ አትፈልግም። ስሟን የሚጠራ በሌለበት ግቢ መቆየት ግን እያስፈራት መጥቷል። አንዳንድ ጠዋት መስተዋት ፊት ቆማ የራሷን ስም ራሷ ትጠራለች፤ እንዳይጠፋባት።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አራት ቁጥር ገባች። አምስት ወንበር፣ አምስት ብርጭቆ፣ ሦስት ሰው። የካፌዋ እትዬ አስናቀች በማንቆርቆሪያ አምስቱንም ሞልታ ወጣች። የክበቡ ጸሐፊ ይድነቃቸው፣ ክራባት የሚያስር ብቸኛ የሥዕል ተማሪ፣ መዝገቡን ገለጠ።

"ማክዳ።"

"አለሁ" አለች ማክዳ፤ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀለም።

"ኤልሳዕ።"

"አለሁ" አለ የቅርጻ ቅርጹ ኤልሳዕ፤ ጥፍሩ ውስጥ ሸክላ አለ።

"አድነው ጩማ።"

"አለ" አሉ ሁለቱም።

ሶሲ ዘወር አለች። ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ነው። ፊቱ የተቀመጠው ሻይ ይተናል።

"የት አለ?"

"ለአፍታ ወጣ ብሎ ነዋ" አለች ማክዳ። "አድነውን አታውቂውም እንዴ? አድነውን ሳያውቅ የዚህ ግቢ ተማሪ ነኝ የሚል አለ?"

ሶሲ ስድስት ሳምንት ሙሉ ምንም የማታውቅ ሆና ኖራለች። በቃት።

"ግራጫ ጃኬት የሚለብሰው አይደል? ሁለተኛው አዝራር የሌለው?"

ከየት እንዳመጣችው እሷም አታውቅም። ሦስቱ ተያዩ፤ አንድ ትንፋሽ ያህል።

"እሱው ነው" አለ ይድነቃቸው።

"አዝራሩን ስፋው፣ ስፋው ብዬ ምላሴ ተላጠ" አለ ኤልሳዕ።

"መርፌውን እኮ የሰጠሁት እኔ ነኝ" አለች ማክዳ።

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ቀለለ። ይድነቃቸው ስሟን በአምስተኛ መስመር ጻፈ፤ አምስት አባል ያልሞላ ክበብ ክፍል አይሰጠውም ነበርና ሦስቱም በአንድ ላይ ተነፈሱ። ማክዳ ዳታ የተቀባ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻትና "ሶሲዬ፣ ያቃጥላል፣ ቀስ በይ" አለቻት። ሶሲዬ። እንባዋ የመጣው ከዳታው ቃሪያ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም።

ሲወጡ ዞር ብላ አየች። ከመስኮቱ ሥር ያለው ብርጭቆ ባዶ ነው። ሥሩ ላይ ያልሟሟ ስኳር ቀርቷል። የገባም የወጣም አላየችም።

በዚያ ሳምንት ካፌ ውስጥ ለብቻዋ አልተቀመጠችም። ወሬው አድነው ነው። ትናንት አድነው እንዲህ አለ፤ አድነው ለሸራ የሚከፍለውን ለሙዝ ጨረሰው። ሶሲም ባዶ እጇን ላለመቅረብ "ውሻ ይፈራል" ብላ ጨመረች። በነጋታው ኤልሳዕ ያንኑ መልሶ ነገራት፤ ውሻው ቡናማ ሆኗል፣ ቦታው መናኸሪያ ሆኗል፣ ኤልሳዕም አብሮ ሮጧል። ውሸት እንዲህ ነው፤ ባዶ እግሩን ይሄዳል፣ ጫማ አድርጎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሶሲ በኮሪደሩ ጫፍ ግራጫ ነገር ሲታጠፍ ማየት ጀመረች። ስትደርስ ማንም የለም፤ ወለሉ ላይ ግን የረጠበ የጫማ ዱካ አለ።

በሁለተኛው ሐሙስ ይድነቃቸው ዲኑ አቶ ደገፉ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚመጡ አስታወቀ። አባላቱን በዓይናቸው ያያሉ፤ ከጎደለ ክፍሉ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ የአንዱን መልክ ይሥል፣ ግድግዳው ላይ ይሰቀል ተባለ። ዕጣ ወጣ። ለሶሲ አድነው ደረሳት።

"ከሁላችንም አንቺ ነሽ የምታውቂው" አለች ማክዳ፣ ዓይኗን ወደ ብርጭቆዋ ጥላ።

ሰኞ ዕለት ሶሲ፣ ለማንኛውም ብላ፣ መልቀቂያ ቅጽ ልትወስድ ሬጅስትራር ሄደች። ጸሐፊዋ ቅጹን ስትፈልግ ያረጀ የስም ዝርዝር ከመደርደሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። "አድነው ጩማ፣ ከቦዲቲ፣ ተመድቦ ያልቀረበ።"

"ዘመድሽ ነው?" አለቻት ጸሐፊዋ።

"የክበባችን አባል ነው።"

ጸሐፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻት። "ያልመጣ ልጅ ነው እኮ።"

ሶሲ ቅጹን እዚያው ሞልታ ቦርሳዋ ከተተችው። እውነቱን ብታወጣ አዝራሩን ከራሷ የፈጠረችው እሷ መሆኗ ይታወቃል፤ ተመልሳ ስሟ የማይጠራ ሰው መሆኗ ነው። ለማንም አልነገረችም። ከሰዓት በኋላ በከሰል መሣል ጀመረች። ግንባሩ፣ ጆሮው፣ ጃኬቱ፣ ክር ብቻ የቀረበት ሁለተኛው አዝራር። ሰው ተቀምጦላት ስትሥል እንኳ አሥር ጊዜ ታጠፋ ነበር። ይህን አንድም ጊዜ አላጠፋችም። ያስፈራት ይህ ነው።

ሦስተኛው ሐሙስ ከዳሞታ የወረደው ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ዋለ። እትዬ አስናቀች አምስቱን ብርጭቆ ሞልታ ሄዳለች። አቶ ደገፉ ዘግይተው፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ደረሱ። ሶሲ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ሰዓቷን ታያለች። ሬጅስትራር ከጎን ነው፤ ሮጣ ትደርሳለች።

ዲኑ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥዕሎቹን አዩ። አድነው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይህን ልጅ በደንብ አውቀዋለሁ። ጎበዝ ነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ ጠርቼ መክሬዋለሁ።"

ይድነቃቸው ክራባቱን አላላ። መዝገቡን ገልጦ ጠራ። ማክዳ አለች፣ ኤልሳዕ አለ፣ ሶሲ አለች።

"አድነው ጩማ።"

"አለ" አሉ ሁሉም፤ ዲኑም ጭምር።

"አለሁ" አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ሻንጣ ይዟል። ጃኬቱ ግራጫ ነው፤ ጉሙ ትከሻው ላይ ረግፏል።

"ይቅርታ፣ ስሜ ሲጠራ ሰምቼ ነው። ያን ጊዜ ተመድቤ ታምሜ ቀረሁ። ዛሬ ገና መመዝገቤ ነው፤ ግቢውን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።" ቀስ ብሎ ግድግዳውን አየ። ከዚያ ጣቱን ደረቱ ላይ፣ ክሩ የተንጠለጠለበት ቦታ አሳረፈ። "ይህቺን አዝራር ዛሬ ጠዋት ነው የባጃጅ በር የበጠሰብኝ። ማናችሁ የምታውቁኝ?"

አቶ ደገፉ ያልጮኸ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ኤልሳዕ ጥፍሩን ተመለከተ። ከጎን የሬጅስትራር መስኮት ሲዘጋ ተሰማ። ሶሲ አልተነሳችም።

"ማንም" አለች። "እኔም አላውቅህም። ከዲምቱ ነው የመጣሁት፣ ስምንት ሳምንቴ ነው። አውቅሃለሁ ያልኩት ሰው እንዲያናግረኝ ብዬ ነው።"

"እኔም" አለች ማክዳ በቀስታ። "ይድነቃቸው ነው ያለኝ።"

"እኔ ከድሮው መዝገብ ነው የገለበጥኩት" አለ ይድነቃቸው።

እንግዳው ፈገግ አለ። ሳያሳዩት ሄዶ ከመስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ማክዳ ብርጭቆውን ወደ እሱ ገፋች።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ። "ሻይ አልጠጣም። ከልጅነቴ አይስማማኝም።"

ሁሉም ብርጭቆውን አዩት። ባዶ ነበር። ሥሩ ላይ ያለው ስኳር ገና አልደረቀም።