ዴልበርት ያልሸጣት ሽጉጥ

ኦርቪል ታኬት ያቺን ሽጉጥ ሲመኛት ዕድሜውን ፈጅቷል። እሱና ጓደኛው ዴልበርት አሜሪካ፣ ቱልሳ ከተማ ላይ በሚቆመው የጦር መሣሪያ ገበያ ጠረጴዛቸውን ጎን ለጎን ይዘረጉ ነበር፤ ዴልበርት ግን እሷን አንድም ቀን ለገበያ አላወጣትም። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረች ስድስት ጎራሽ ናት። የፋብሪካው ሰማያዊ ቀለም አልለቀቃትም፤ አፈሙዟ ላይ የተቀረጹት ፊደላት አሁንም ጥፍር ይይዛሉ። እርጅና ጥቂት ቡናማ ጥላ ብቻ ነው ጣል ያደረገባት። የድሮ መሣሪያ ሰብሳቢ ገንዘቡን የሚያፈሰው ለዚያ ጥላ ነው፤ ማንም እንዳልነካካት የሚመሰክርላት እሱ ነውና።

ዴልበርት ከተቀበረ ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ሉዌላ ኦርቪልን አስጠራችው። ሽጉጧን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፋ አስቀምጣታለች።

"አንተ ነህ የምታውቀው። ምን ታወጣለች?"

ኦርቪል አገላበጣት። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ከዚያ ገበያ የለመደው ምላሱ ቀደመው።

"እንዳልዋሽሽ ሉዌላ፣ ዝገት ጀምሯታል። ቡናማው ይታይሻል? እንዲህ ያለችውን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ለዴልበርት ስል ግን እኔ እወስዳታለሁ።" የጠራላት ዋጋ ደህና ቦት ጫማ አይገዛም።

የሉዌላ ፊት ቀላ። "ሁልጊዜ ዘይት ሲቀባት ነበር እኮ የሚያመሸው።"

"እርጅና ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ።"

"እሺ። ቅዳሜ ና።"

ኦርቪል ሳምንቱን ሙሉ የመስታወት ቁም ሳጥኑን ሲያደራጅ ከረመ። መሀለኛውን መደርደሪያ ለእሷ ባዶ አደረገላት። የገበያ ጓደኞቹ ሲያዩዋት የሚያሳዩት ፊት በሐሳቡ እየመጣ ብቻውን ያስቀው ነበር።

ቅዳሜ ሉዌላ የለውዝ ኬክ ጋግራ ጠበቀችው። ፈገግ ብላ ፎጣውን ገለጠች። ሽጉጧ እንደ ሾርባ ማንኪያ ታብረቀርቃለች።

"ወንድሜ ቨርጂል ነው። የሞተር ሳይክል ብረት የሚያሳምርበት ማሽን አለው አይደል? ዝገቱን ጥርግ አደረገልኝ። ሰማያዊው አብሮ ለቀቀ፤ ግን እያት፣ ፊትህን ታይባታለህ።"

ኦርቪል ፊቱን አየ። አውራ ጣቱን ፊደላቱ በነበሩበት ላይ አሳለፈ፤ ምንም አልያዘውም።

"ምነው? አበላሸናት እንዴ?"

እውነቱን ቢናገር ያለፈው ሳምንት ውሸቱም አብሮ ሊወጣ ነው።

"የለም፣ አምሮባታል" አለና ገንዘቡን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ።

ሉዌላ እጁን ያዘችው። "ገንዘብህን መልስ። ዴልበርት ሽጉጧን ለኦርቪል ስጪው ብሎኝ ነው የሞተው። ዋጋዋን የጠየቅኩህ ስጦታ መሆን ትችል እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ዝጋለች ስትለኝ እንደዚያው አድርጌ ልሰጥህ አፈርኩ።" እጁን ለቀቀችና "ከሁሉም ሰው አንተን ያምን ነበር" አለች።

ኬክ ቆርሳ አቀረበችለት። ኦርቪል ሹካውን አንስቶ በላ። ስትጨምርለትም በላ።