ዘጠነኛው ቁስለኛ

አባቴ ስለ ጦርነት አውርቶ አያውቅም። ሁለቱ ሜዳዮቹ ግን ነበሩ። አንዱ ለጀግንነት፣ ሌላው ለቁስል የተሰጡት ናቸው፤ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልለው የቁም ሣጥኑ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ። በልጅነቴ አውጥቼ ደረቴ ላይ ስለካቸው ካገኘኝ፣ አይቆጣም፤ ተቀብሎኝ መልሶ ይጠቀልላቸዋል። ሰፈሩ «ሾፌሩ» ይለዋል። ሠራዊቱ ውስጥ የቁስለኛ መኪና ይነዳ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ ደግሞ ጡረታ እስኪደርስ የከተማ አውቶቡስ ነዳ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን።

ነገሩ የተጀመረው በደብዳቤ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር በጀግንነት የተሸለሙትን ስም ድንጋይ ላይ ሊያስቀርጽ ስለሆነ ሁሉም ማኅደሩን እንዲያረጋግጥ ጠየቀ። አባቴ አነበበውና ማቀዝቀዣው አናት ላይ አስቀምጦ ረሳው፤ ወይም የረሳ መሰለ። እኔ አልረሳሁም። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። በእኛ ሥራ አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ከገባች ሰው ትገድላለች፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ጥርጣሬ ሲኖር እንቅልፍ አይወስደኝም። የአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ መዝገብ ቤት ሄድኩ።

ማኅደሩ ተገኘ። የተቀጠረበት ቀን፣ የደም ዓይነቱ፣ የጫማ ቁጥሩ ሳይቀር ተጽፏል። «ሽልማት» በሚለው ፊት ለፊት ግን «የለም» ይላል። «ቁስል» በሚለውም እንዲሁ «የለም»። የአባቴ ግራ ትከሻ ውስጥ ዛሬም ብረት አለ፤ ብርድ በሆነ ቁጥር በዚያ እጁ ፀጉሩን ማበጠር ያቅተዋል።

የመዝገብ ማስተካከያ ክፍሉን የምትመራው ሻምበል ጨዋ ሴት ነበረች። ሜዳዮቹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ ሳስቀምጣቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። እንዲህ ያለው ገበያም ላይ እንደሚሸጥ፣ የሚያስፈልገው የሽልማቱ ዝርዝር ወይም ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው ቃል እንደሆነ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ የአባቴን ክፍል የዚያን ዘመን ጸሐፊ ስም ፈልጋ አገኘች። ሰውየው በሕይወት አሉ። የሚኖሩት ደግሞ ከእኛ ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ነው።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ስነግረው፣ ስለ መዝገቡ ምንም አልመሰለውም። የጸሐፊውን ስም ስጠራ ነው ፊቱ የተለወጠው።

«እሱ ሰውዬ ጋ እንዳትሄጂ።»

ምክንያቱን ጠየቅኩት።

«ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አለ፤ ልጄ፣ ተይው።»

ዝም የሚል ሰው ትሑት ይመስላል። እኔም ትሕትናው ነው የሚያስቀረው ብዬ በሳምንቱ ዐይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእኔ ነበር።

ጸሐፊው አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር፣ ከመንገዱ ዝቅ ያለች ክፍል ውስጥ መነጽር ይጠግናሉ። ቀጭን ሰው ናቸው፤ ወታደሮቹ ያኔ «ቀለሜ» ይሏቸው እንደነበር ራሳቸው ነገሩኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራቸው በወረንጦ የያዙት ብሎን አመለጣቸው። ጎንበስ ብለው ወለሉን ሲዳብሱ ቆዩ፤ እኔም አብሬያቸው ፈለግሁ። ብሎኑን አግኝቼ ስሰጣቸው አመስግነው ቁጭ አሉ።

«ዝርዝሩን የተየብኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የአባትሽን ገጽ ከዝርዝሩ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

በትክክል ያልሰማሁ መስሎኝ ደግመው እንዲነግሩኝ ጠየቅኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሩኝ። አዛዡ ሜዳዮቹን እዚያው ሜዳ ላይ ነው ለአባቴ የሰኩለት፤ ወረቀቱ ወደ ጠቅላይ መምሪያ የሚላከው ግን በጸሐፊው እጅ ነበር። ሽልማቱ በተሰጠ በሦስተኛው ቀን ጸሐፊው ቁስለኞችን ለመጠየቅ ሆስፒታል ሄዱ። በአባቴ መኪና ከመጡት አንዱ ወታደር እጃቸውን ያዘና፣ «ወንድምህ ከእኛ ጋር ነበር። መንገድ ላይ አውርዶት ሌላ ሰው ጫነ» አላቸው። ያ ወታደር በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ታናሽ ወንድማቸው የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ እግሩን ተመትቶ ነበር። ጸሐፊው ወደ አባቴ ሄደው አየኸው ወይ ብለው ጠየቁት። አባቴ አላየሁትም አለ። አየሁት የሚል ሌላ ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ልጁ «ከድቶ የጠፋ» ተብሎ ተመዘገበ። እናታቸው እስክትሞት ድረስ የከዳተኛ እናት ተብላ ኖረች፤ ጎረቤት በር ላይ ቆማ ሰላምታ ስትጠብቅ ያዩ እንደነበር ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተለወጠም።

«እሱ ወንድሜን ካላየ፣ እኔም እሱን አላየሁትም አልኩ» አሉ። «የቁስሉም ሪፖርት እዚያው ገጽ ላይ ነበር። አብሮ ቀረ።»

ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ወረቀቱ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አልቀደዱትም። የአዛዡ ፊርማ አለበት፣ ማኅተሙም ደብዝዞ ይነበባል። እንዲህ ይላል፦ «በጠላት ተኩስ ሥር፣ ራሱ ቆስሎ፣ አንድም ቁስለኛ ሳይተው ከግንባር ያወጣ።»

«ውሰጂው» አሉኝ። «ቃሌንም እሰጣለሁ። አባትሽ ግን ስለ ወንድሜ የሚያውቀውን ይናገር።»

ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። አባቴ ከተናገረ «አንድም ቁስለኛ ሳይተው» የሚለው ውሸት ይሆናል፤ ሜዳዩም አብሮት ይሄዳል። ይህንኑ ስነግራቸው እንደሚያውቁ፣ ሲያስቡበት እንደኖሩም መለሱልኝ። ወረቀቱን ግን መልሰው አልተቀበሉኝም።

እውነቱን ልናገር። በቀጥታ ቤቴ አልሄድኩም። መዝገብ ቤቱ ያለበት ፌርማታ ድረስ ሄጄ፣ ወረቀቱን ብቻ ሰጥቼ ብመለስ ማን ያውቃል እያልኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት አውቶቡስ አለፈኝ። በአራተኛው ተሳፍሬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ወረቀቱን ሰጥቼ ጸሐፊው ያሉትን ሁሉ ነገርኩት። አባቴ ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አልጮኸም። እንዲጮህ ፈልጌ ነበር። አራት ቀን አላናገረኝም። ሻዩን ራሱ ያፈላል፣ ብርጭቆውን ራሱ ያጥባል፣ ስገባ ይወጣል። በአምስተኛው ቀን መድኃኒት ቤት መጣ። እዚያ ስሠራ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ረግጦት አያውቅም። እንደማንኛውም ደንበኛ ተሰለፈ። ተራው ደርሶ መስኮቱ ላይ ሲቆም፣ ከኋላው ያሉት ሴትዮ ማዘዣቸውን እያራገቡ ይቸኩሉ ነበር።

«ነገ ፈቃድ ጠይቂ። አብረን እንሄዳለን።»

በማግስቱ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ሻምበሏ ፊት ቆመ፤ የጸሐፊውንም ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። እንዲቀመጥ ብትለምነውም አልተቀመጠም። ስለ ሜዳዮቹ ልትጠይቀው ስትጀምር፣ የመጣው ለሌላ ሰው መሆኑን ነገራት። እሱ ይናገራል፤ እሷ ትተይባለች።

መኪናው ስምንት ቁስለኛ ብቻ ነበር የሚይዘው። ስምንቱን ጭኖ ሲሄድ መንገድ ላይ ሆዱን የተመታ ሰው በቃሬዛ የያዙ ወታደሮች አስቆሙት። ቦታ አልነበረም።

«ከሁሉም ቁስሉ የቀለለውን አወረድኩ» አለ አባቴ። «ይናገር ነበር፣ ይቀልድም ነበር። መጠበቅ የሚችለው እሱ ነው ብዬ ነው። ኮዳዬን ሰጠሁት፤ እመለሳለሁ አልኩት። ድልድዩን ተሻግሬ ሳልርቅ በመድፍ ተመትቶ ፈረሰ። ትከሻዬን የተመታሁት ያኔ ነው። መመለሻ አልነበረም። ሆዱን የተመታው ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።»

ሻምበሏ፣ ጸሐፊው ሲጠይቁት ለምን አላየሁትም እንዳለ ጠየቀችው።

«ሜዳዩ ደረቴ ላይ ነበር» አለ።

ሻምበሏ እጇን ከመተየቢያው ቁልፎች ላይ አነሳች። ይህ ቃል ሽልማቱን እንደሚነካ፣ ከመፈረሙ በፊት ቤት ሄዶ ሊያስብበት እንደሚችል ነገረችው። እንደተናገረው እንዲጻፍለት ብቻ ጠየቃትና ፈረመ። ብዕሩን ሲመልስላት እኔ መስኮቱን አየሁ።

መልሱ የመጣው ከሰባት ወር በኋላ ነው። የቁስል ሜዳዩ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ተወስኗል። የጀግንነቱ ግን የምስክር ወረቀቱ ከተሸላሚው ከራሱ ቃል ጋር ስለሚጋጭ ሊመዘገብ አልቻለም፤ ስሙም ድንጋዩ ላይ አይወጣም። አባቴ አነበበና ሜዳዩን ከካልሲው አውጥቶ፣ በእግሩ ሄዶ ለሻምበሏ መለሰላት። አብሬው ልሂድ ስለው እምቢ አለኝ። እኔ ሁለቱንም ላስመዘግብለት ወጥቼ አንዱን አስነጠቅኩት። ይቅርታ ስጠይቀው የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ ነገረኝ፤ አነጋገሩ ግን እንደ እንግዳ ነበር።

«ሌሎቹንስ?» አልኩት። «ሌሎቹን እኮ አድነሃቸዋል።»

«ስለ ሌሎቹ የሚጠይቀኝ የለም» አለ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ጸሐፊው ነበሩ። የእሳቸውም ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ ወንድማቸው ከከዳተኞች መዝገብ ወጥቶ «በግዳጅ ላይ ቆስሎ የቀረ» ተብሏል። አባቴ በሩን ከፍቶ ገለል አለላቸው። እጅ አልተጨባበጡም። ሻይ አቀረብኩ፤ ማንም አልነካውም።

ጸሐፊው መንገዱን ይጠይቁ ጀመር። በቀኝ በኩል ነው በግራ? ተጋድሞ ነው ተቀምጦ? አባቴ አንድ በአንድ መለሰ። በግራ በኩል፣ ዛፍ ሥር፣ ጀርባውን ግንዱ ላይ አስደግፎት።

«መጨረሻ ላይ ምን ብሎህ ነበር?» አሉ ጸሐፊው።

አባቴ መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ።

«‹ጥላው ሳይሄድብኝ ቶሎ ና› አለኝ።»

ጸሐፊው ደግመህ ንገረኝ አሉት። ደገመላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠራርገው ተነሡና በሩ ጋ ሲደርሱ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ይቅር አላልኩህም» አሉ። አባቴ አውቃለሁ አለ።

በሚቀጥለው እሁድም መጡ። የጠየቁት ያንኑ ነበር። አባቴም ያንኑ መለሰላቸው።