ጋሽ ደጉ ደህና ነኝ አለ

ጋሽ ደጉን የገጨው የውሃ ቦቴ ትልቅ ነበር። እኔ ሳወራው ደግሞ በየቀኑ ያድጋል። መጀመሪያ ቀን ሰፈራችን ሃያብለ ውስጥ ለጎረቤት ስነግር አሥር ጎማ ነበረው። ሳምንት ሳይሞላው ባቡር አክሎ፣ ከኋላው ሁለት ግመልና አንድ ሙሉ ሻይ ቤት ከነደንበኞቹ ይጎትት ጀመር።

እውነቱ ግን አጭር ነው። ጋሽ ደጉ ሀራሙስ በሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ያለ ቪላ ዘበኛ ነው። ጠዋት ቦቴው ውሃ ሊያራግፍ መጣ፣ ጋሽ ደጉ የብረቱን በር ገፍቶ ከፈተ፣ ሹፌሩ ስልክ እያወራ ወደ ኋላ ነዳ፣ ጋሽ ደጉንም ከበሩ ጋር አጣበቀው። ዳሌው ተሰበረ።

ሆስፒታል ልንጠይቀው ስንገባ እግሩ ወደ ላይ በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እንዴት ነህ ጋሼ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እናንተ ደግሞ በዚህ ሐሩር ለምን ትለፋላችሁ?»

«ደህና ከሆንክማ ውረድና እንሂድ!» አልኩት። ሚስቱ ሰብለወርቅ በክርኗ ጎሸመችኝ። የሷ ክርን ከቦቴው አይተናነስም።

ሐሩር ያለው የእውነቱን ነው። በዚያ ወር ሃያብለ ውስጥ ዶሮዎች የተቀቀለ እንቁላል ይጥሉ ነበር፤ ያላመነ ዶሮዎቹን ይጠይቅ። በዚያ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ጋሽ ደጉ ለወራት ተኝቶ ቆየ። ክራንች ይዞ መራመድ ሲጀምር የቦቴው ባለቤት ኢንሹራንስ ጠራው። ሐኪም አይቶት ጉዳቱን ይመዝናል፣ ካሣውም በዚያው ልክ ይቆረጣል ተባለ።

አስተርጓሚ እኔ ጎረቤቱ ጀንበሬ ሆንኩ። ከሰባተኛ ክፍል ደጃፍ የተመለስኩ ብሆንም፣ ፈረንሳይኛ ከገበያ፣ ሱማልኛ ከጎረቤት፣ ዓረብኛ ደግሞ ከተጣላኋቸው ሰዎች ተምሬያለሁ።

የኢንሹራንሱ ቢሮ ራስ ዲካ የሚባል ሰፈር ነው። ወንበር ሰጥተውን እንደ ተቀመጥን ሐኪሙ ገባ፤ ሽበታም፣ መነጽራም ሰውዬ። ጋሽ ደጉ ሽበቱን ሲያይ ክራንቹን ጥሎ ብድግ አለ።

«ኖር!»

ያገሩን ወግ ነው ያደረገው። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣል፤ ዳሌ ይሰበር አይሰበር ወጉ አይጠይቅም። ሐኪሙ ግን «በእግዜር» አላለም። ከእግር እስከ ራሱ አየውና ጻፈ።

«እንዴት ነህ?» አለ ሐኪሙ።

«ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። እርስዎስ? ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆች?»

ተረጎምኩ። ሐኪሙ ልጆቹ ደህና መሆናቸውን ነግሮን እንደገና ጻፈ።

«ያምሃል?»

«ኧረ ምንም አይል።»

«መቆም ትችላለህ?»

«ይኸው ቆሜ የለ?»

እንግዲህ «ደህና ነኝ» ላይ ምን ይጨመራል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጨምር ተረጎምኩ፤ ጉዱም የመጣው በዚሁ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ የኢንሹራንሱ ሰው ዘይድ ጠራን። ፀጉሩ በቅባት የተጋደመ፣ አነጋገሩም እንደ ፀጉሩ ነው። ያለ ድጋፍ ይቆማል፣ ሕመም የለውም ተብሏል አለን። ስለዚህ የሆስፒታሉን ወጪና የተኛበትን ደመወዝ ይከፍላሉ። «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» ብሎ ከፈረመ ዛሬውኑ ይወስዳል። ጋሽ ደጉ እስክሪብቶውን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ሰብለወርቅ እጁን ያዘችው።

«ቤታችን ሄደን እንመካከር» አለች።

የሄድነው ግን ቤት አይደለም፤ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐጂ ዓብዱልጀሊል ሱቅ ነው። ሐጂ የሐረር ሰው ናቸው። የጀበናና የድስት ነጋዴ ቢሆኑም ወንድማቸውን መኪና የገጨው ጊዜ ከኢንሹራንስ ጋር ዓመት ሙሉ ስለተሟገቱ፣ ይህን ነገር ቁርጥማታቸውን የሚያውቁትን ያህል ያውቁታል።

«ካሣ ማለት ላለፈው ብቻ አይደለም» አሉ፣ ድስት እየወለወሉ። «ከእንግዲህ ለማይታጠፈው እግር፣ ለማትሠራው ሥራ፣ እንቅልፍ ለነሳህ ሕመምም ይከፈላል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ በፐርሰንት ነው የሚሰፍረው። ደህና ነኝ ያለ ሰው ምን ይሰፈርለታል? ደግሞ ዛሬ ከፈረምክ፣ ነገ ዳሌህ መንገድ ላይ ቢወልቅ ራስህ አንሥተህ ትሄዳለህ እንጂ ማንም ዞሮ አያይህም። በሉ ሌላ ሐኪም ይየው ብላችሁ ጠይቁ።»

«ሐጂ፣ እንግዲያው እኔ አሳምሬ እጨምርበታለሁ» አልኩ። «ሲተነፍስ የቦቴው ጥሩምባ ከሆዱ ይሰማል እላለሁ።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ያዝ! ራጁ እጃቸው ላይ ነው። አንዲት ውሸት የያዙባችሁ ቀን እውነቱንም አብረው ይጥሉታል። አትጨምሩ፣ አትቀንሱ።»

ሁለተኛ ሐኪም ተፈቀደልን። ከዚያ በፊት ጋሽ ደጉን ማሠልጠን የኔ ሥራ ሆነ። የሰብለወርቅን ነጭ አንሶላ ለበስኩ፣ የጄሪካን መቅጃ ጎማ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና ዶክተር ሆኜ ከደጅ ገባሁ።

ጋሽ ደጉ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል ጋሼ! ወጥቼ እንደገና እገባለሁ።»

ገባሁ። ብድግ። ወጥቼ ገባሁ። ብድግ። በመጨረሻ ሰብለወርቅ ቀበቶውን ከኋላ ጨብጣ ያዘችው።

«ሰው ሲገባ ተጎልቼ ልቀመጥ? እናቴ ከመቃብሯ ትነሣለች!»

«እሷ ትነሣ፣ አንተ ቁጭ በል!» አለችው።

እንዲህ ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ጎማውን ደረቱ ላይ ለጥፌ «ሙሴ ደጉ፣ የት የት ያምሃል?» ብዬ በፈረንሳይ ወግ ስጠይቀው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«በቃ ጀንበሬ፣ ተወው። እኔ ይህን የማደርገው ለወግ ብቻ መሰለህ?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«አሠሪዬ ማዳም ሱሪያ እየደወለች ‹ደጉ፣ ተሻለህ?› ትለኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ። ደህና ነኝ እስካልኳት ድረስ ሥራዬን ትይዝልኛለች። ጎረቤት ያለው ዘበኛ፣ ከሊፋ፣ እስክመለስ በሩን ይከፍትላታል። እኔ አልችልም ብዬ በማኅተም ካስጻፍኩ ሥራውን ለማን ትይዘዋለች? በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ አገር፣ ሌላ በር ማን ይሰጠኛል? ካሣው ያልቃል፤ በሩ ግን በየወሩ ይከፍላል።»

ጎማውን ከአንገቴ አወረድኩ።

«ቆይ፣ በሩን መክፈት ትችላለህ?» አለች ሰብለወርቅ።

«እችላለሁ።»

«እኔን እያየህ ንገረኝ፣ ደጉ። ትችላለህ?»

እሱ ግድግዳውን አየ። የቀጠሮው ቀን በሚኒባስ ስንሄድም ምን እንደሚል ለማናችንም አልነገረንም። ሥራውን ይዞ ካሣውን ሊተው ነው፣ ወይስ ካሣውን ብሎ ሥራውን ሊያጣ? ሹፌሩ ሬድዮ ከፍቶ ያንጎራጉራል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሬድዮው ውስጥ ሰው ወጥቶ አብሮን እንደተሳፈረ አወራ ነበር። ያን ቀን የሬድዮውን ዘፈን ብቻ ሰማሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ዶክተር ናዒማ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ሱማልኛም ትናገራለች። በሩ ሲከፈት የጋሽ ደጉ ሁለት እጆች የወንበሩን እጀታ ጨበጡ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። አልተነሣም። ሰው ገድሎ የተያዘ ይመስል አንገቱን ደፋ።

«እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህ...» ብሎ አቆመ።

እሷም አልጻፈችም። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አለችው።

ጋሽ ደጉ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«ጠዋት አልነሣም። ሚስቴ እስክትወጣ እጠብቃለሁ። ስትወጣ በሆዴ ተገልብጬ ከአልጋው ወደ መሬት እወርዳለሁ፣ ተንፏቅቄ ሳጥኑ ጋ እሄድና እሱን ይዤ እነሣለሁ። እንዳታየኝ ብዬ ነው።»

ተረጎምኩ።

«ግራ እግሬ ከጉልበት በታች የኔ አይመስለኝም። አንድ ቀን ጫማዬ ውስጥ ሚስማር ነበረ፤ ደሙን እስካይ ድረስ አላወቅሁም። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ማለት አልችልም። እንዳልሄድ ብዬ እራት እተዋለሁ። ሰብለ ሆዱን አመመው ብላ ጦስኝ ታፈላልኛለች።»

ሰብለወርቅ አጠገቤ ነበረች። ላያት አልደፈርኩም።

«በሩስ?» አለች ሐኪሟ። «ሥራህ በር መክፈት አይደለም?»

«ባለፈው ቪላው ድረስ ሄጄ ሞክሬው ነበር። ማዳም ሳትኖር። በሩ ሳይነቃነቅ እኔ ወደቅሁ። ከሊፋ ነው አንሥቶ ጥላ ሥር ያስቀመጠኝ። ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስጨምር ኖሬ፣ ያን ጊዜ መቀነስ አማረኝ። ሚስማሩን ልተወው፣ ጦስኙን ልዝለለው አልኩ። ሐጂ ያሉት ትዝ አለኝና ሁሉንም ቃል በቃል አስተላለፍኩ። ዶክተር ናዒማ እግሩን በመርፌ ጫፍ ነካካችው፣ አጠፈችው፣ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አየችው። ብዙ ጻፈች፤ ዳሌው ከዓመታት በኋላ መቀየር እንደሚኖርበትም ነገረችን። ስንወጣ ሰብለወርቅ «እኔ እኮ ጦስኝ አፈላለሁ...» ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም።

የዶክተር ናዒማ ወረቀት ቶሎ ዞረ። ኢንሹራንሱ የደመወዙን ማስረጃ ከማዳም ሱሪያ ሲጠይቅ፣ ዘበኛዋ በር መክፈት እንደማይችል አብሮ ደረሳት። ደወለች። ጋሽ ደጉ ጥሩ ሰው እንደሆነ፣ እንደ ቤተሰብ እንደምታየው፣ የያዝነውን ወር እንደምትከፍለው፣ ሰው ግን እንደቀጠረች ነገረችው። ድምጿ ከልቧ ያዘነ ነበር። ከልቧ አዝና አሰናበተችው።

«ደህና ሁኚ» አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ።

ዘይድ ሲጠራን ጠዋት ነበር። አዲሱን ሒሳብ ነገረን። ቁጥሩን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ አባዝቼ ነው። ከፊተኛው ግን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጋሽ ደጉ እስክሪብቶውን ያዘ። ሥራ የለውም፣ የቤት ኪራይ ደርሷል፣ አከራይዋም ከበር ላይ አትጠፋም።

«የቱ ጋ ልፈርም?»

ሰብለወርቅ ግን ወደ እኔ ዞረች። «ሐኪሟ ዳሌው ከዓመታት በኋላ ያልቃል፣ መቀየር ይኖርበታል ብላለች አይደል? ጠይቀው። ያን ጊዜስ?»

ጠየቅሁት።

«ሁሉም ውስጡ አለ» አለ ዘይድ።

«የት ጋ? ያሳየኝ» አለች ሰብለወርቅ።

ዘይድ ወረቀቱን ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ። «ማለቴ፣ ከፈረመ በኋላ የሚመጣው የኛ ጉዳይ አይደለም። ወደፊት ለሚሠራው ኦፐሬሽን እኛ እንድንከፍል ይጻፍ ካላችሁ የዛሬው ይቀንሳል። እሱንም አለቆቼ ከተስማሙ ነው። ጊዜ ይወስዳል። እምቢ ሊሉም ይችላሉ።»

ተረጎምኩላቸው።

«እንፈርም ሰብለ» አለ ጋሽ ደጉ። «ደክሞኛል። ኪራዩን በምን ልንከፍል ነው?»

«አላውቅም። ሐጂ ሱቅ ድስት አጥባለሁ፣ ሰው ቤት ሥራ እገባለሁ፣ አላውቅም። አንተ ደህና ነኝ ስትለኝ አምኜህ ጦስኝ አፈላሁ። አሁን ደግሞ ይሄ ወረቀት ደህና ነው፣ ደህናም ይሆናል እያለኝ ነው። አላምነውም።»

ጋሽ ደጉ ወረቀቱን አየ፤ ፈረንሳይኛ አያነብም፣ ግን ለረዥም ጊዜ አየው። እስክሪብቶውን ለዘይድ መለሰለት።

«ንገረው ጀንበሬ። ከእንግዲህም ደህና አልሆንም በለው። ኦፐሬሽኑ ካልተጻፈ አልፈርምም። ያልኩትን እንዳለ ንገረው፣ ምንም እንዳትጨምር።»

ነገርኩት። ዘይድ ሰዓቱን አየ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባና በሩን ዘጋ።

የጫት ሰዓት እየተቃረበ ነበር። የቀትሩ ጫት ከተማ ከገባ በኋላ ራስ ዲካ ቢሮ ውስጥ የሚቀር የአየር ማራገቢያው ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ይሰማ ጀመር፣ አንድ ሁለት ሰው ቻው እየተባባለ ወጣ። ከውስጠኛው ክፍል ግን ምንም አይሰማም። እምቢ ካሉ ዛሬ ባዶ እጃችንን ነው የምንመለሰው፤ ሰብለወርቅም ይህን ታውቃለች፣ የቦርሳዋን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች፣ ትፈታለች።

ጋሽ ደጉ ወንበሩ ላይ ክብደቱን አዛወረና ጥርሱን ነከሰ።

«አመመህ?» አለችው።

«አዎ፣ አመመኝ።»

ጠጋ አለችና ትከሻዋን ሰጠችው። ተደገፋት። ሦስታችንም የተዘጋውን በር እያየን ተቀመጥን።